ቁልፉን የተሸከመችው ማን ናት?
ሁለት ልቦለዶችና የስደተኛዋ ሴት ጥያቄ

የተፈናቀለ ሕዝብ ታሪክ ሲጻፍ ሴቲቱ ዘወትር በሁለት መልክ ትቀርባለች። በአንድ በኩል ልጇን አቅፋ የምታለቅስ እናት ሆና በፖስተር ላይ ትለጠፋለች። በሌላ በኩል ደግሞ በቁጥር ውስጥ ትሰወራለች፤ «አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ናቸው» ይባልና ዓረፍተ ነገሩ ይዘጋል። በሁለቱም መልክ አትናገርም። ፖስተሩን ሌላ ሰው ይለጥፈዋል፤ ቁጥሩንም ሌላ ሰው ይቆጥረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህችን ሴት ራሷን እንድትናገር ያደረጉ ሁለት ልቦለዶችን ለአንባቢው ማስተዋወቅ፣ ከእነርሱም ለራሳችን ትግል የሚጠቅመንን መውሰድ ነው። አንደኛው የፍልስጤማዊት ሴት ሕይወት ነው። ሁለተኛው ከእኛው ምድር ተነሥታ ወደ ሱዳን የተሰደደች ልጅ ታሪክ ነው። መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ያፈጥበታል፦ «መጀመሪያ የአገር ጥያቄ ይፈታ፤ የሴቶች ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» የሚለው የቆየ አባባል በስደት ሜዳ ላይ ሲፈተን ይቆማል ወይስ ይወድቃል? መልሳችን ይወድቃል ነው። ምክንያቱን እናስረዳለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከሐይፋ በስተደቡብ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የፍልስጤም ምድር ባዕድ አይደለም። በኢየሩሳሌም በዴር ሱልጣን ገዳም መነኮሳቶቻችን ለዘመናት ኖረዋል። በሜይ 1936 የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ተከታዮቻቸው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተጉዘው የወረዱት በሐይፋ ወደብ ነበር፤ ከዚያም ኢየሩሳሌም ገብተው ተጠለሉ። እኛ ተሰደን ከተጠለልንበት ምድር 12 ዓመት ሳይሞላ ባለአገሩ ራሱ ተሰደደ። በኖቬምበር 1947 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍልስጤም ለሁለት እንድትከፈል ሲወስን የኢትዮጵያ መንግሥት ድምፅ ከመስጠት ታቅቦ ነበር። በተከተለው ጦርነት ከ700 ሺህ የሚበልጡ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። እነርሱ ይህን ዘመን «ነክባ» ይሉታል፤ መዓት እንደማለት ነው።

ጠንጡራ ከሐይፋ በስተደቡብ በባሕር ዳር የነበረች፣ 1500 ያህል ነዋሪ የነበራት የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደር ናት። በሜይ 1948፣ በ22 ለ23 አጥቢያ፣ የአሌክሳንድሮኒ ብርጌድ ያዛት። ወንዶቹ ከሴቶቹ ተለዩ። ሴቶቹና ሕጻናቱ ፉረይዲስ ወደምትባለው ጎረቤት መንደር ተነዱ፤ ከዚያም ተበተኑ። እጃቸውን የሰጡ ወንዶች በባሕሩ ዳር እንደተረሸኑ ከዚያች መንደር የወጡ ስደተኞች ለአሠርት ዓመታት ሲናገሩ ኖሩ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። በ1998 ቴዲ ካትዝ የተባለ እስራኤላዊ ተማሪ የሁለቱንም ወገን ሰዎች አነጋግሮ ለሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፍ ሲያቀርብ የብርጌዱ አባላት የነበሩ ሰዎች ስማችን ጠፋ ብለው ከሰሱት። በ2022 በወጣ «ጠንጡራ» በተሰኘ የእስራኤል ዘጋቢ ፊልም ላይ ያረጁት ወታደሮች ራሳቸው ስለ ግድያው ሲናገሩ ነገሩ እንደገና ዜና ሆነ። አንባቢ ልብ ይበል! የስደተኛዋ ምስክርነት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሚዛን አልደፋም። ሚዛኑ የተነቃነቀው የወታደሩ ቃል ሲጨመርበት ነው።

የግብፃዊቷ ደራሲ የራድዋ ዓሹር ልቦለድ የሚነሣው ከዚህ ሚዛን ላይ ነው። ራድዋ (1946–2014) የካይሮ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። ባሏ ፍልስጤማዊው ገጣሚ ሙሪድ ባርጉሲ በ1977 ከግብፅ ስለተባረረ ቤተሰቡ ለ17 ዓመታት ያህል ተከፋፍሎ ኖሯል። ስለዚህ መበተንን በሩቁ የሰማች ደራሲ አልነበረችም። «የጠንጡራዋ ሴት» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1ኛ በዐረብኛ በ2010፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ ትርጉም በ2014 ታትሟል።

ባለታሪኳ ሩቀያ መንደሯ ስትያዝ 13 ዓመቷ ነው። አባቷና ሁለት ወንድሞቿ ይገደላሉ፤ ሬሳቸውን በዓይኗ ታያለች። እናቷ ግን ልጆቼ አልሞቱም፣ ግብፅ ሸሽተው ገብተዋል ብላ እስክትሞት ድረስ ትጸናለች። ሩቀያ በሊባኖስ በሰይዳ ከተማ ታድጋለች፤ የአጎቷን ልጅ ሐኪሙን አሚንን ታገባለች፤ ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዳ መርየም የተባለችውን ልጅ ደግሞ ታሳድጋለች። በ1982 እስራኤል ሊባኖስን ስትወር፣ በሴፕቴምበር ወር በሳብራና በሻቲላ በደረሰው ጭፍጨፋ ባሏ ይጠፋል። ሬሳው አይገኝም፤ እሷም መበለት ሳትባል መበለት ትሆናለች። ከዚያ ልጇን ተከትላ ወደ አቡ ዳቢ፣ ከአቡ ዳቢ ለመርየም ትምህርት ወደ እስክንድርያ፣ ከእስክንድርያ ተመልሳ ወደ ሰይዳ ትሄዳለች። ታሪኳን እንድትጽፍ የሚወተውታት ሐሰን የተባለው ልጇ ነው። እሷ ግን እሺ የምትለው እየተቆጣች፣ እያቋረጠች፣ አንዳንዴም አልችልም እያለች ነው።

የቤቱ ቁልፍ በዚህ ሁሉ መንገድ አብሮ ይጓዛል። እናቷ አንገቷ ላይ አስራው ነበር፤ ከእናቷ በኋላ የሩቀያ ይሆናል። በሜይ 2000 የእስራኤል ጦር ከደቡብ ሊባኖስ ሲወጣ ሕዝቡ ወደ ድንበሩ ይጎርፋል፤ በሽቦው ወዲያና ወዲህ የተለያዩ ዘመዳሞች ይገናኛሉ። ሩቀያ በሽቦው በላይ የሐሰንን ሕጻን ልጅ ትቀበላለች፤ የሕጻኗም ስም ሩቀያ ነው። ቁልፉን በዚያች ሕጻን አንገት ላይ ታስራለች።

ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ የሚያየው የመመለስ መብትን ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር አለ። ቁልፉ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርደው በሴቶች አንገት ነው። መዝገቡ ግን ሌላ ይላል። በዲሴምበር 1949 በተቋቋመው የፍልስጤም ስደተኞች ተራድኦ ድርጅት፣ በኡንርዋ ደንብ፣ ስደተኝነት ለልጅ የሚተላለፈው በአባት በኩል ነው። ስደተኛ ያልሆነ ሰው ያገባች ፍልስጤማዊት ልጆች ከ2006 ወዲህ አገልግሎት ቢፈቀድላቸውም በስደተኝነት አይመዘገቡም። እንግዲህ ቁልፉን የተሸከመችው ሴት ናት፤ መዝገቡ የሚያውቀው ወንዱን ነው። ራድዋ ዓሹር ስለዚህ ደንብ ሰበካ አላደረገችም። ያደረገችው ነገር ቢኖር ቁልፉን በማን አንገት ላይ እንዳለ ማሳየት ነው።

2. ከኡምሐጀር በስተምዕራብ

ሁለተኛው መጽሐፍ የሱለይማን አዶንያ «ዝምታ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው» የተባለው ልቦለድ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ2018 በለንደን፣ በ2020 ደግሞ እዚህ በአሜሪካ ታትሟል። ደራሲው ከኤርትራዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት የተወለደ ነው። በ1976 በደርግ ዘመን በኡምሐጀር በሕዝቡ ላይ ከደረሰው ጭፍጨፋ ተርፎ የሕጻንነቱን ዘመን በሱዳን የስደተኛ ካምፕ ውስጥ አሳልፏል። እናቱ በሳውዲ ዐረብያ በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እሱም በኋላ ጅዳ ገባ፤ በ1990 ደግሞ ያለ ወላጅ የመጣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ስደተኛ ሆኖ ለንደን ደረሰ። አባት ከአንድ ወገን፣ እናት ከሌላ ወገን ሆነው የተወለዱ ልጆች በእኛ አገር ጦርነት ምን እንደሚገጥማቸው ለአንባቢው መንገር አያሻም።

ባለታሪኳ ሳባ ናት። ከእናቷና መናገር ከማይችለው ወንድሟ ከሐጎስ ጋር ሱዳን ካምፕ ትደርሳለች። ሳባ ከምንም ነገር በፊት የምትጠይቀው ትምህርት ቤት የት እንዳለ ነው። ትምህርት ቤት የለም። የጀመረችው ትምህርት ተቋርጦ ይቀራል፤ ሕይወቷም ከዚያች ቀን ጀምሮ በመጠበቅ ያልቃል። ሐጎስ በበኩሉ ማንበብና መጻፍ አልተማረም። ምግብ ያበስላል፣ ያጥባል፣ የእኅቱን ፀጉር ይሠራል። ወንዱ ጓዳ፣ ሴቷ ውጭ ሆኑ። በዚያች ጎጆ ውስጥ የቆየው ሥርዓት ተገልብጧል፤ ሁለቱም ደግሞ በዚህ ይጽናናሉ።

ጎጆዋ ግን በር የላትም ማለት ይቻላል። ካምፑ ውስጥ ግድግዳው ስስ ነው፤ ዓይን ይበዛል። የሳባ ገላና «ክብር» የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። ጀማል የተባለ የቀድሞ የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ነጭ አንሶላ ወጥሮ የራሱን «ሲኒማ» ሲያቋቁም በዚያ ውስጥ የሚያየው የሳባን ግቢ ነው። በመጨረሻም በወንድሟ ላይ ነውር ፈጽማለች ተብላ ሕዝብ በተሰበሰበበት ለፍርድ ትቀርባለች። ኢዮብ የተባለ ባለሀብት ነጋዴም ያገባታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የካምፑ ሰው ሁሉ ቤቱን፣ መሬቱን፣ ከብቱን፣ መንግሥቱን ያጣ ሰው ነው። ከአገሩ ይዞት የወጣው ምንድን ነው? ዳኝነቱን፣ ሽምግልናውንና በሴት ልጅ ላይ ያለውን ሥልጣን ይዞ ወጥቷል። ጎተራውን ጥሎ የሸሸ ሰው ይህን አልጣለም። ስለዚህ ስደት በራሱ ነፃ አያወጣም። ሁሉ ነገር በፈረሰበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ተጠግኖ የሚቆመው በሴቷ ላይ የሚሠራው ዳኝነት መሆኑን ይህ ልቦለድ ያለ ርኅራኄ ያሳያል።

3. «መጀመሪያ አገር» ስለሚለው ክርክር

በተማሪው እንቅስቃሴ ውስጥ ይህ ክርክር የቆየ ነው። ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በኖቬምበር 1969 በጽሑፍ ካቀረበ ወዲህ በዚያ ጥያቄ ላይ የፈሰሰው ቀለም ወንዝ ይሞላል። የሴቶች ጥያቄም ተነሥቷል፤ ግን ዘወትር በአጀንዳው መጨረሻ፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነበር። በዲሴምበር 8 ቀን 1972 ከዋለልኝ ጋር በአውሮፕላን ጠለፋው ሙከራ የሞተችውን የሕክምና ተማሪ ማርታ መብራህቱን ብዙ ሰው የሚያነሣት ከእርሱ ስም በኋላ «እና» ተብሎ ነው።

«መጀመሪያ አገር» የሚሉ ወገኖች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ጠላት በር ላይ ቆሞ ስለ ጓዳ መጨቃጨቅ ኃይል ይበትናል ይላሉ። መሬት የሌለው ሕዝብ ስለ ምን ዓይነት ቤተሰብ ይከራከራል ይላሉ። ነገሩን በቅንነት የሚያነሡት አሉ፤ እናከብራቸዋለን።

ሆኖም ሁለቱ ልቦለዶች የሚያሳዩት ይህ ቅደም ተከተል በተግባር እንደሌለ ነው። ሩቀያ አገሯን ያጣችበትና የሴትነት ሸክሟ የከበደበት ቀን አንድ ቀን ነው። ወንዶቹ ሲገደሉ፣ ሲታሰሩና ሲጠፉ ቤት የሚባለውን ነገር ከዜሮ የምታቆመው፣ የሞተውን የምታለቅሰው፣ የተረፈውን የምታበላው፣ ማን ከየት እንደመጣ ለልጆች የምትነግረው ሴቷ ናት። ይህ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ከ1948 በኋላ «የፍልስጤም ጥያቄ» ብሎ የሚያነሣ ትውልድ ባልተገኘም ነበር። ትግሉን የሚመራው ድርጅት ከመቋቋሙ በፊት ትግሉን ያቆየው ይህ ሥራ ነው። ሳባም እንዲሁ ትምህርት ቤቷን ያጣችው በጦርነቱ ነው፤ ነገር ግን ለፍርድ ያቀረባት ጠላት አይደለም፤ የራሷ ወገን ነው። የትኛውን በደል ታስቀድም? የትኛውን ታቆይ?

ስለዚህ የሴቶች ጥያቄ ከአገር ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ምዕራፍ አይደለም። የአገር ጥያቄ ለማን እንደሚፈታ የሚወስነው እርሱ ነው።

4. በመጻሕፍቱ ላይ ያለን ሒስ

ሁለቱንም መጻሕፍት ያለ ሒስ አናልፋቸውም። ሩቀያ የሐኪም ሚስት ናት፤ ልጇም በባሕረ ሰላጤው አገር ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው በአውሮፕላን መዘዋወር ትችላለች። የካምፑ የቀን ሠራተኛ ሚስት ይህ የላትም። በዚህ ረገድ ጋሳን ከነፋኒ በ1969 ያሳተመው «ኡም ሰዕድ» የካምፕ ደሀ እናትን ማዕከል አድርጎ በመነሣቱ ይበልጣል። ከነፋኒ ራሱ በጁላይ 1972 ቤይሩት ውስጥ መኪናው ላይ በተጠመደ ፈንጂ ተገድሏል። ቢሆንም የእርሱ እናት ይበልጡን የትግሉ አርማ ናት፤ የራድዋ ሩቀያ ግን ትደክማለች፣ ትቆጣለች፣ ትጠራጠራለች። አርማ አይደክምም፤ ሰው ነው የሚደክመው።

በአዶንያ መጽሐፍ ደግሞ ስለ ጦርነቱ መነሾ የሚነገረው ጥቂት ነው። ማን ተኮሰ፣ ለምን ተኮሰ፣ ካምፑን የሚመግበው እህል ከማን መጣ የሚለውን የሚፈልግ አንባቢ ይራባል። ይህ ጉድለት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ደራሲው ያነሣው ጉዳይ እኛ በጽሑፎቻችን የሸፈንነው ነው። ስለ ግንባሩ የተጻፈ መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፤ ግንባሩ ስለላካቸው ሰዎች ጓዳ የተጻፈውን ግን በእጅ ጣት መቁጠር ይቻላል።

5. ኦሃዮ ላይ ሆኖ ማንበብ

ይህን የምናነበው ኮሎምበስ ላይ ነው። ኮሎምበስ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሰፈሩባት ከተማ ናት፤ በሞርስ ሮድና በክሊቭላንድ አቬኑ የሚያልፍ ሰው በሱቁ ጽሑፍ ብቻ ያውቀዋል። ግዛቱ ራሱ ደግሞ የስደተኛ ሴት ምድር ነበር። ባሪያ ፈንጋዮቹን ሽሽት ከኬንታኪ የወጡ ጥቁሮች የኦሃዮን ወንዝ ተሻግረው ነፃነት የሚፈልጉት እዚህ ነው። በ1856 ማርጋሬት ጋርነር የተባለች ሴት በረዶ የጋገረውን ወንዝ ተሻግራ ሲንሲናቲ ገባች። አሳዳጆቿ በ1850 በወጣው ሕግ ተመክተው ሲደርሱባት ወደ ባርነት ከምትመለስብኝ ብላ ትንሽ ሴት ልጇን ገደለች። በዚሁ ግዛት በሎሬን ከተማ የተወለደችው ቶኒ ሞሪሰን ከዚህ ታሪክ ተነሥታ በ1987 «ቢላቭድ» የተባለውን ልቦለድ ጻፈች። ፍርድ ቤቱ በማርጋሬት ጉዳይ የተጨቃጨቀው ሴትዮዋ የማን ንብረት ናት በሚለው ላይ ነበር። እሷ ምን እንዳሰበች ለመጠየቅ ከ130 ዓመታት በኋላ ልቦለድ ጸሐፊ አስፈለገ። የጠንጡራን፣ የሱዳንንና የሲንሲናቲን ነገር አንድ የሚያደርገው ይህ ነው፤ መዝገቡ ያልጠየቃትን ልቦለዱ ይጠይቃታል።

6. የእኛ ዕዳ

ይህ ሁሉ ስለ ሌላ ሕዝብና ስለ አለፈ ዘመን ብቻ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ለሥነ ጽሑፍ ክበብ በተውነው ነበር። ግን የእኛ ነው፤ ገና ትኩስ ነው።

በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተከዜን ተሻግሮ ሱዳን ገባ። ከተቀበሉት ካምፖች አንዱ ኡም ራኩባ ነው። ያ ቦታ በ1980ዎቹ በረኀብና በጦርነት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት ካምፕ ነበር። እናት በሰፈረችበት አፈር ላይ ከ35 ዓመታት በኋላ ልጅ ድንኳን ተከለች። በኖቬምበር 2022 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ በኤፕሪል 2023 ደግሞ ሱዳን ራሷ በጦርነት ተቃጠለች። የተጠለሉባት አገር ሕዝብም እንደ እነርሱ ስደተኛ ሆነ። በአገር ውስጥም በ2021 በአንድ ዓመት ብቻ በግጭት ምክንያት 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል ተመዝግቧል፤ እስከዚያ ድረስ በየትኛውም አገር በአንድ ዓመት ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የሰፈሩ፣ ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅለው ሽሬ የሰፈሩ፣ በ2017 ከኦሮሚያና ከሶማሌ አዋሳኝ ተፈናቅለው ቆሎጂ የሰፈሩ እናቶች አሉ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ስለ በር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቀረ ልጅ። እኛ ግን የየወገናችንን ብቻ እየመረጥን እንሰማለን። የአንዷን እንባ ለክስ፣ የሌላዋን ዝምታ ለመከላከያ እንጠቀምበታለን።

ሩቀያ በኖረችበት በሊባኖስ ምድርም ዛሬ የእኛ ሴቶች አሉ። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። በ2024 መጸው የእስራኤል ቦምብ በደቡብ ሊባኖስና በቤይሩት ላይ ሲወርድ የውጭ አገር ሠራተኞች ከአንዳንድ መጠለያዎች «ይህ ለዜጎች ነው» ተብለው ተመልሰዋል። የተፈናቃይ አገር ውስጥ የተፈናቀለች፣ በሁለቱም መዝገብ የሌለች ሴት ማለት ይህች ናት። የእሷን ልቦለድ የሚጽፈው ማን ነው?

ስለዚህ የሚከተለውን ለጥናት ክበቦቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በዚህ ከተማ በእግር ሱዳን የገቡ፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት የሠሩ፣ በካምፕ የወለዱ እናቶችና እኅቶች አሉ። ፈቃዳቸው ከሆነ ቃላቸው በራሳቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም፣ ይቀዳ። ጠያቂው ለክርክሩ የሚጠቅመውን ብቻ ለቅሞ አይውሰድ። የሐሰን እናት እንደምትቆጣው ቢቆጡም፣ እንደምታቋርጠው ቢያቋርጡም ያም ይጻፍ። መናገር የማትፈልግ ካለችም ዝምታዋ ይከበር።

ሁለተኛ፣ የሴቶች ጥያቄ በስብሰባችን የመጨረሻ ነጥብ መሆኑ ይቅር። መሬት፣ ብሔረሰብ፣ ስደት፣ ሕገ መንግሥት የሚል አጀንዳ ሲያዝ በእያንዳንዱ ሥር «ይህ ለሳባ ምን ያደርግላታል?» የሚል ጥያቄ ይጨመር።

ሦስተኛ፣ እነዚህ መጻሕፍት በክበቦቹ ይነበቡ፤ እንግሊዝኛ ለማያነቡት ደግሞ ምዕራፍ በምዕራፍ በቃል ይተረኩላቸው። ስለ ፍልስጤም ሕዝብ መብት የሚቆም ሰው ስለ ደብረ ብርሃንና ስለ ሽሬ ድንኳን ዝም ካለ አቋሙ ጎደሎ ነው። ስለ ወገኑ ብቻ የሚጮኽና ጠንጡራ የት እንደሆነች የማያውቅ ሰውም እንዲሁ ጎደሎ ነው።

አገር አጥቶ መመለስን የሚጠብቅ ሕዝብ ስለ መሬቱ ካርታ ይሥላል፣ ስለ ድንበሩ ሰነድ ያዘጋጃል። ይህ ሥራ ይቀጥል። ግን ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ይወስን፤ በሩ ሲከፈት ቁልፉን እስከዚያ ድረስ የተሸከመችው ሴት እንግዳ ሆና ትገባለች ወይስ ባለቤት?